ሾትጋን ከመግዛታችሁ በፊት



አሜሪካ ቤት የገዛ የሀገራችን ሰው ይህ ጥያቄ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ሰፈር ውስጥ የመኪና መስኮት ይሰበራል፤ የጎረቤት በር ተገፍቶ ይገኛል። አባወራው የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፤ እናት ከልጆቿ ጋር ብቻዋን ታድራለች። «ለቤት የሚሆን አንድ መሣሪያ እንግዛ እንዴ?» ይባላል። ሽጉጥ የማይወዱ ብዙ ናቸው። ከአያት ቤት የሚያስታውሱት ውጅግራ ወይም ምንሽር ስለሆነ፣ መደብር ሲገቡ ዓይናቸው የሚያርፈው ባለ እንጨት ሰደፉ፣ በእጅ እየተሳበ የሚቀባበለው ሾትጋን ላይ ነው። አሜሪካኖቹ «ፓምፕ አክሽን» ይሉታል።

በዚህ ወር አመራረጡን እናያለን። አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያዙልን፦ መሣሪያው የሚመረጠው በቤቱ ውስጥ ባለው አጭር አዋቂ ልክ ነው፤ የሚቀመጠው ደግሞ በቤቱ ውስጥ ባለው ትንሽ ልጅ ልክ ነው።

ይግባ ወይስ አይግባ?

አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን በራሳቸው እጅ ያጠፉ ናቸው። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ለልጆችና ለታዳጊዎች ሞት ቀዳሚው ምክንያት መሣሪያ ሆኗል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሌባ ቢመጣስ?» ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ በጭንቀት የተዋጠ ጎረምሳ አለ? መጠጥ የሚያበዛ ሰው አለ? ባልና ሚስት ሲጣሉ እጅ ይነሣል? ከእነዚህ አንዱ ካለ፣ መልሱ ለአሁኑ «አይግባ» ነው። ሐዘንና ጭንቀትን ቤት ውስጥ ደብቆ መያዝ ልማዳችን ስለሆነ፣ ይህን ጥያቄ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ በግልጽ ተነጋገሩበት። ክፉ ሐሳብ ለገባው ሰው 988 ላይ ሌት ተቀን የሚያነጋግር ባለሙያ አለ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ርካሹን ሥራም አስቀድሙ። የበሩን ቁልፍ የሚቀበለው ብረት በአጫጭር ብሎኖች ተይዞ ከሆነ በ3 ኢንች ብሎኖች ከግድግዳው እንጨት ጋር አያይዙት። ሰው ሲያልፍ የሚበራ መብራትም ከውጭ ስቀሉ። ብዙ ሌባ ከዚያ አያልፍም።

ወረቀቱ

ሾትጋን ከፈቃድ ካለው መደብር ለመግዛት በፌዴራል ሕግ 18 ዓመት መሙላት፣ 4473 የተባለውን ፎርም መሙላትና የኋላ ታሪክ ማጣሪያ ማለፍ ያስፈልጋል። ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ሕጉ ከሚዘረዝራቸው ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ መሣሪያ መግዛትም መያዝም አይፈቀድለትም። ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ሰው መደብር ከመሄዱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ይጠይቅ። ዜግነት ለሌለው ሰው የመሣሪያ ጥፋት ከአገር ሊያስባርር ይችላል።

ሦስት ነገሮች የእኛን ሰው በተለይ ያሳስታሉ። አንደኛው ለዘመድ ብሎ በራስ ስም መግዛት ነው። የአጎታችሁ ልጅ ገንዘቡን ሰጥቷችሁ «በአንተ ስም አውጣልኝ» ቢል፣ እሱ ራሱ መግዛት የሚችል ሰው ቢሆን እንኳ፣ ፎርሙ ላይ «ገዢው እኔ ነኝ» ማለታችሁ የፌዴራል ወንጀል ነው። ሁለተኛው ማሪዋና ነው፤ ግዛቱ ቢፈቅደውም ፎርሙ በፌዴራል ሕግ እንደተከለከለ ይነግራችኋል። ሦስተኛው ከቦታ ቦታ መዘዋወር ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ማንኛውም መሣሪያ በፖሊስ መመዝገብ አለበት፤ ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ ሕጉ ሌላ ነው። የምትኖሩበትን ግዛት ሕግ ራሳችሁ አንብቡ።

የድሮው ቅርጽ ለምን?

ገበያው ላይ ሁለቱ የታወቁ ስሞች ሬሚንግተን 870 እና ሞስበርግ 500 ናቸው። የመጀመሪያው ከ1950ዎቹ፣ ሁለተኛው ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በገበያ ላይ አሉ። እያንዳንዳቸው በሚሊዮኖች ተሸጠዋል፤ መለዋወጫና የሚያውቃቸው ጠጋኝ በየቦታው አለ። የሞስበርግን ፋብሪካ በ1919 ያቋቋመው ከስዊድን የመጣ ስደተኛ ነበር።

ሻጩ እጀታው እንደ ሽጉጥ የሆነ፣ ጥቁር ፕላስቲክ የለበሰ፣ ብዙ ነገር የተለጠፈበት ሊያሳያችሁ ይችላል። ትከሻ ላይ የሚያርፍ ሰደፍ የሌለውን እንዳትወስዱ። ግፊቱ በእጅ አንጓ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ማነጣጠር አስቸጋሪ ነው። ቀጥ ያለው የድሮ ሰደፍ ግፊቱን ወደ ትከሻ ይወስደዋል፤ ጉንጭም በቀላሉ ያርፍበታል። ፕላስቲክ ሆነ የዋልነት እንጨት፣ ሥራውን የሚሠራው ቅርጹ ነው። እንጨቱን ከወደዳችሁት ውሰዱት፤ እርጥበትና ጭረት ግን ይፈራል። አፈሙዙ ከ18 ኢንች እንዳያንስ ተጠንቀቁ። ከዚያ ያጠረ፣ ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች በታች የሆነ ሾትጋን ልዩ የፌዴራል ምዝገባ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ በመጋዝ ማሳጠር ወንጀል ነው።

ሁለቱን መሣሪያዎች የሚለየው በዋናነት ሴፍቲው ነው። በሬሚንግተን ከቃታው ጀርባ በጎን የሚገፋ ቁልፍ ነው፤ ለቀኝ እጅ ይመቻል። በሞስበርግ ከላይ፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ ለግራኝም ለቀኝም እኩል ነው። ከባልና ሚስት አንዳችሁ ግራኝ ከሆናችሁ ይህ ብቻ ምርጫውን ይወስናል።

የማን ልክ?

መደብር ስትሄዱ አብራችሁ ሂዱ። ባል ብቻውን መርጦ ያመጣው መሣሪያ፣ ባል በሌለበት ሌሊት ቤት ውስጥ ላለችው ሰው ላይሆን ይችላል።

የተለመደው ሰደፍ ከቃታው እስከ ጫፉ ወደ 14 ኢንች ነው፤ ቁመቱ አነስ ላለ ሰው ይረዝማል። ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሰደፉን ጫፍ በታጠፈ ክንድ ውስጥ አስጠግታችሁ ለኩት፤ የጠቋሚ ጣት ጫፍ ቃታው ላይ ሳይንጠራራ መድረስ አለበት። ከዚያ ትከሻ ላይ አድርጋችሁ የፊተኛውን እጀታ እስከ መጨረሻው ሳቡና ግፉ። ወገብ ወደ ኋላ ከተለመጠ መሣሪያው ረዝሟል ማለት ነው። ለወጣቶችና ለትናንሽ ሰዎች ተብሎ ከ12 እስከ 13 ኢንች የሚሠራ ሰደፍ አለ፤ እሱን ጠይቁ። ረጅሙ ሰው አጭር ሰደፍ ይችላል፤ አጭሩ ሰው ግን ረጅሙን አይችልም።

የአፈሙዙ ስፋት በጌጅ ይለካል። ከአንድ ፓውንድ እርሳስ 12 እኩል ድቡልቡሎች ቢሠሩ የአንዱ ስፋት 12 ጌጅ ነው፤ ስለዚህ 20 ጌጅ ከ12 ይጠባል። ግፊቱም ይቀንሳል። ለቤት ጉዳይ 20 ጌጅ ይበቃል፤ ተኩሶ የማይፈራው ሰው ደግሞ ይለማመዳል። አንድ ቤት ውስጥ ግን 12 እና 20 አትቀላቅሉ። የ20 ጥይት በስህተት 12 አፈሙዝ ውስጥ ሲገባ ተንሸራቶ ፊት ለፊት ይቀረቀራል፤ ከኋላው 12 ቢተኮስበት አፈሙዙ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ቀለህ ቢጫ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ግድግዳው ምን ይችላል?

«ሾትጋን ስለሚበተን ማነጣጠር አያስፈልግም» ሲባል ትሰማላችሁ፤ ሐሰት ነው። በአንድ ክፍል ርቀት ፍሬዎቹ ገና ተሰብስበው ነው የሚሄዱት። በትክክል ካልተነጣጠረ ይስታል፤ የሳተው ደግሞ የአሜሪካን ቤት የጂብሰም ግድግዳ አልፎ ይሄዳል። ለቤት የሚመከረው «ባክሾት» አንዱን ብቻ ሳይሆን ተከታታይ ግድግዳዎችን ይበሳል። የምትኖሩት ታውንሃውስ ወይም አፓርትመንት ውስጥ ከሆነ ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት አልጋ አለ። ስለዚህ ገና በቀን፣ ልጆች የሚተኙበትን ክፍል እያሰባችሁ፣ በየትኛው አቅጣጫ በፍጹም እንደማይተኮስ ወስኑ።

«ሲቀባበል ድምፁን ሰምቶ ሌባ ይሸሻል» የሚባለውም ዋስትና አይሆንም። ድምፁ የት እንዳላችሁም ይናገራል።

አቀማመጥ

አያት ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀል የነበረው እዚህ አይሰቀልም። ከአልጋ ሥር፣ ከልብስ ጀርባ፣ ከቁም ሳጥን አናት መደበቅም መቆለፍ አይደለም። ልጆች የገና ስጦታ የት እንደተደበቀ ያውቃሉ፤ ይህንንም ያውቃሉ። ግድግዳ ላይ በብሎን የሚታሰር የብረት ሣጥን ግዙ፤ ዋጋውንም ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ደምራችሁ አስሉ። ጥይቱን ለብቻው ቆልፉበት። ኮዱን ከሁለታችሁ በቀር ማንም አይወቀው፤ የልጅ ልደት ቀንም አታድርጉት። ሜሪላንድንና ቴክሳስን ጨምሮ በብዙ ግዛቶች ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ መተው ወንጀል ነው።

አንዳንዶች በቱቦው ውስጥ ጥይት አኑረው ሣጥን ውስጥ ይቆልፉታል። ይህን የመረጠ ሰው ቢያንስ አፈሙዙ ውስጥ ጥይት አያቀባብል፤ ብዙዎቹ ሾትጋኖች ቢወድቁ እንዳይተኩሱ የሚያደርግ መከላከያ የላቸውም።

በጨለማ

በሌሊት በሩን የሚከፍተው ማን ነው? በእኛ ቤት ከሌባ ይልቅ ከፈረቃ የተመለሰ አባት፣ አምሽቶ የመጣ ጎረምሳ፣ ሳሎን ያደረ እንግዳ ዘመድ ይበዛል። ስለዚህ ፊት ሳይታይ ጣት ቃታ ላይ አይሄድም። የእጅ ባትሪ ከመሣሪያው ተለይቶ በእጅ ይያዝ፤ መሣሪያው ላይ በተገጠመ መብራት ሰው ማየት ማለት ሰው ላይ ማነጣጠር ነው። አምሽቶ የሚገባ ሰው አስቀድሞ እንዲደውልም የቤት ደንብ አድርጉት።

ዕቅዱ ቤቱን እየዞሩ ሌባ መፈለግ አይደለም። ልጆችን ወደ አንድ ክፍል ሰብስቡ፣ በሩን ቆልፉ፣ 911 ደውሉ። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ «አማርኛ» በሉ፤ በብዙ ቦታ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። መሣሪያ እንዳላችሁና የት ክፍል እንዳላችሁ ተናገሩ። ፖሊስ ሲደርስ መሣሪያው መሬት ላይ፣ እጃችሁ ባዶ ይሁን። ጨለማ ውስጥ የገባ ፖሊስ ማን ባለቤት፣ ማን ሌባ እንደሆነ አያውቅም።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ መሣሪያ ወደሚያከራይ የተኩስ መለማመጃ ቦታ ሂዱና የጆሮና የዓይን መከላከያ አድርጋችሁ፣ አሠልጣኝ ባለበት፣ ሁለታችሁም 20 ጌጁንም 12ቱንም ሞክሩ። ከሁለታችሁ አንዱ «እኔ ይህን ደግሜ አልነካም» ካለ፣ ገንዘቡን ለበሩና ለመብራቱ አውሉት።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ሰላም ለቤታችሁ።