«ባይ» እና «አንቲል» ከፍሪጅና ከኦቨን ይቅደሙ

ባለፈው ስብሰባችን የእንግሊዝኛ ትምህርቱ ነገር ሲነሳ እጄን አውጥቼ ነበር፤ ግን ሰዓቱ ደርሶ ስልኮቻችን መጮህ ጀመሩ፣ ሁላችንም ተበተንን። ያን ቀን ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ትምህርታችን የሚጀምረው በዕቃ ስም ነው። ፍሪጅ፣ ኦቨን፣ ባልዲ፣ መወልወያ። እነዚህን እኮ ማንም ሳያስተምረን ማዳም በጣቷ እያሳየች በሁለት ሳምንት ታስለምደናለች። የሚያስለቅሱን በጣት የማይታዩት ናቸው። «ማስት»፣ «ካን»፣ «ሜይ» የሚባሉት አሉ፤ ከዚያ ደግሞ ጫፍ ላይ የሚመጡት ትንንሾቹ፣ «ባይ»፣ «አንቲል»፣ «አፍተር»፣ «ዊዛውት»። የእረፍት ሰዓታችን፣ የደመወዝ ቀናችን፣ የመውጫ ፈቃዳችን የሚወሰነው እነዚህ ሁለቱ ሲጋጠሙ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ በነሱ ይጀመር ባይ ነኝ።

ከራሴ ልነሳ። አል መጃዝ በመጣሁበት ዓመት ከኻሊድ ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ፎቅ ላይ እሠራ ነበር። ማዳም ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ የቀኑን ትእዛዝ በዋትሳፕ ድምፅ ትልክልኛለች። አንድ ሐሙስ «ዩ ማስት አይረን ባይ ፎር» አለችኝ። እኔ በልቤ «እስከ አራት ተኩሺ» ብዬ ተረጎምኩት። (በነሱ አራት፣ በእኛ አሥር ሰዓት ማለት ነው።) እሺ ብዬ ከአንሶላው ጀመርኩ፣ የትራስ ልብሱን፣ የልጆቹን ዩኒፎርም፣ ረጋ ብዬ አንድ በአንድ። እስከ አራት ከሆነ ምን ያስቸኩለኛል? አራት ሰዓት ላይ እየተጣደፈች ገባች። ለሠርግ የምትለብሰው ቀሚስ ገና ከክምሩ ሥር ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ ሰነፍ ተባልኩ፣ የዚያ ሳምንት እረፍቴም ቀረ። ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው።

ጥፋቱ ከ«እስከ» የመጣ ነው። በአማርኛ «እስከ ዓርብ ወረቀቱን አምጪ» እንላለን፣ «እስከ ዓርብ እኛ ጋ ቆዪ»ም እንላለን። ለሁለቱም ያው «እስከ» ነው። እንግሊዝኛ ግን ለያይቶታል። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለሚያልቅ ነገር «ባይ» ነው፤ ከዚያ ሰዓት በፊት ካለቀ ይበልጥ ጥሩ፣ ማለፍ ግን የለበትም። ሳይቋረጥ ለሚቀጥል ነገር «አንቲል» ነው። «ዎርክ አንቲል ፎር» ብትለኝ ኖሮ እኔ ልክ ነበርኩ።

ይህ የቀሚስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2024 ይህ ሀገር የመኖሪያ ፈቃዳቸው ላለፈባቸው ሰዎች የሰጠውን የምሕረት ጊዜ አስታውሱ። ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ እስከ ኦክቶበር 31 ነበር፣ ኋላ እስከ ዲሴምበር 31 ተራዘመ። ምሕረቱ ራሱ የሚቆየው «አንቲል» ነው። ለአንቺ ግን ወረቀትሽን ማስተካከል «ባይ» ነው። ቀኑ «አንቲል» ነው ብላ የተዝናናች ሰው ሰልፉ የሚያጋጥማት የመጨረሻው ሳምንት ላይ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ማዳሜ ራሷ ትሳሳታለች» ትላላችሁ፤ እውነት ነው። ከሕንድና ከፓኪስታን የመጡ ቤተሰቦች ዘንድ የምትሠሩ ታውቃላችሁ፣ በሂንዲና በኡርዱ «ተክ» የሚሉት ልክ እንደ እኛ «እስከ» ሁለቱንም ይሸከማል። እንግዲህ እሷም እኔም እየተሳሳትን አንድ ቤት ውስጥ እንኖራለን። ለዚህ መድኃኒቱ ማፈር ትቶ መልሶ መጠየቅ ነው፤ «ማዳም፣ ፊኒሽ ባይ ፎር፣ ኦር ዎርክ አንቲል ፎር?» ይቺን በቃላችሁ ያዟት። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ሳልጠይቅ ካውያ አንስቼ አላውቅም።

«የለብሽም» ደግሞ ሌላው ጉድ ነው። አንዲት እህታችን (ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን ግን አልጽፍም) «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ከም ዊዝ አስ ኦን ፍራይዴይ» ተባለች። «ዓርብ ከእኛ ጋር መምጣት የለብሽም» ብላ ሰማችው። ምን አጠፋሁ፣ ለምን ተጠላሁ ብላ ከሰዓቱን ሙሉ ወጥ ቤት ገብታ እያለቀሰች ድስት ስትፈትግ ዋለች። የተባለችው ግን «ካልፈለግሽ አትምጪ፣ ግዴታ የለብሽም» ነበር። ነፃ ከሰዓት ሰጥተዋት ነው እኮ! ክልከላ ቢሆን ኖሮ «ማስት ኖት» ይባል ነበር። በአማርኛ «የለብሽም» ለሁለቱም ይሆናል፤ እረፍትም ነው፣ እገዳም ነው። «ማስት ኖት» ከ«ዊዛውት» ጋር ሲመጣ ደግሞ በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፣ ቁልፍ አለው ማለት ነው። «ዩ ማስት ኖት ጎ ዳውን ዊዛውት ቴሊንግ ሚ» ማለት ነግረሽኝ ውረጂ ነው። ብዙዎቻችን መጀመሪያውን ብቻ ሰምተን ስንት ወር ኮርኒሹን በመስኮት አይተናል።

በሰዓት አቆጣጠራችን የተነሳ የሚመጣውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ጠዋት በአሥር ሰዓት «ዘ ድራይቨር ሜይ ከም ኢን ቱ አወርስ» የተባለች ልጅ በሁለት ሰዓት ይመጣል ብላ በሁለት ሰዓት ወረደች፣ በነሐሴ ሙቀት። «ኢን ቱ አወርስ» ከአሁን ሁለት ሰዓት በኋላ ነው፣ ማለትም በአሥራ ሁለት። ሾፌሩ መጥቶ ሄዷል። «ሜይ» ደግሞ ሊመጣ ይችላል ነው እንጂ ይመጣል አይደለም፤ ደውላ መጠየቅ ነበረባት።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነው። ከመካከላችን አንዷ የሁለት ወር ደመወዝ ተይዞባት ስትጠይቅ «አይ ካን ፔይ አፍተር ኢድ» ተባለች። ደስ ብሏት አገር ቤት ደወለች፣ ለወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ ከዒድ በኋላ ይደርሳል አለች። ዒድ አለፈ። ሁለተኛውም ዒድ አለፈ። እሷ ዋሹኝ ትላለች፤ እኔ ግን ቃሉን ደጋግሜ ሳየው ቃል አልተገባላትም። «ካን» እችላለሁ ነው፤ እችላለሁ ያለ ሰው እከፍላለሁ አላለም። «አፍተር» ደግሞ መጀመሪያ አለው፣ መጨረሻ የለውም፤ ከዒድ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ «አፍተር ኢድ» ነው። የላላ ግሥ ላይ የላላ ቃል ታሰረ፣ ብሩም እንደዚያው ላልቶ ቀረ።

ታዲያ ምን ትበል? «ዩ ማስት ፔይ» ብላ ማዳም ፊት መቆም ቀላል አይደለም፣ ከአፋችን ሲወጣ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። እኔ የምለው ግሡን እናለስልሰው፣ ትንሿን ቃል ግን አንልቀቃት። «ማዳም፣ ካን ዩ ፕሊዝ ፔይ ባይ ፍራይዴይ?» ትሕትናው «ካን» ውስጥ አለ፣ ቀኑ «ባይ» ውስጥ ተቆልፏል። ቢቻል በዋትሳፕ ተጽፎ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ሕጉ ራሱ የሚናገረው በእነዚሁ ቃላት ነው። የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው የ2022 የፌዴራል ሕግ ቁጥር 9 ደመወዝ ከሚከፈልበት ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት ይላል። ይህ «ዊዚን» ነው፣ አጥሩ የታወቀ። በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት እረፍት፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጥ፤ በሳምንት አንድ ቀን ደመወዙ የማይቆረጥበት እረፍት። ውል ላይ ስታነቡ «ማስት»ን ላታገኙት ትችላላችሁ፣ በወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ «ሻል» ሆኖ ነው የሚመጣው። «ሻል»ን ያየች ሴት እዚያ ጋ ግዴታ እንዳለ ታውቃለች። «ሜይ»ን ያየች ደግሞ የማን ፈቃድ እንደሆነ ትጠይቅ።

«የቤቱ ቋንቋ ዓረብኛ ነው፣ እንግሊዝኛ ምን ያደርግልናል» ያለችኝ እህት አለች። ዓረብ ቤት ለምትሠራ ትክክል ናት፣ ከእሷ አልከራከርም፤ ለነሱ በዓረብኛ እንዲሁ ቢደረግ እሰየው። ግን አል መጃዝ ውስጥ በየፎቁ ያለው ከየአገሩ የመጣ ቤተሰብ ነው፤ እርስ በርስ የሚግባቡትም እኛን የሚያዙንም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። ሙሉ ሰዋስው ተማሩ አላልኩም። እኔም ብሆን ጊዜውም የለኝ፣ ጭንቅላቱም ደክሟል።

የምጠይቀው ይህን ነው። የሚመጣው ወር አራቱም ክፍለ ጊዜ ለእነዚህ ይሰጥ፤ የዕቃ ስሞቹ ይቆዩ። መጽሐፍ አያስፈልገንም። እያንዳንዳችን ያልገባንን አንድ የድምፅ መልእክት ይዘን እንምጣ፣ የማዳምን ስም ሳንጠራ አብረን እንስማውና ግሡንና ትንሿን ቃል እናውጣ። የቀሚሱ መልእክት እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፤ እኔ በእሱ እጀምራለሁ።