ሻኛ የሌለው በሬ

ታኅሣሥ ሲገባ ካፌውም ሆቴሉም የጥጥ በረዶ ይለብሳል። በረዶው ላይ ትንንሽ ቤቶች፣ ከቻይና የመጡ የፕላስቲክ እረኞችና ከብቶች ይደረደራሉ። በሬው ሻኛ የለውም። በፎገራ ላም አገር ሻኛ የሌለው በሬ! በረዶንስ ቢሆን እኛ የምናውቀው በክረምት እህላችንን ሲደፋብን ነው፤ ምኑ ለጌጥ ይሆናል?

ከዛፉ ጋር ጠብ የለኝም። ትንሽ መንደር ሠርቶ ገናን ማድመቅም ክፉ ሐሳብ አይደለም። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ1223 ግሬቾ በምትባል የጣሊያን መንደር ግርግም ሲያዘጋጅ እውነተኛ በሬና አህያ ነው ያቆመው። ኋላ የኔፕልስ ሰዎች በሸክላ ሲሠሩት የራሳቸውን ዓሣ ሻጭና ዳቦ ጋጋሪ ከቤተልሔም እረኞች ጎን አቆሙ። አላፈሩባቸውም።

እኛስ? ሐሙሲት ስሟን ያገኘችው ከሐሙስ ገበያዋ ነው፤ የተጫነ አህያ፣ ባጃጅ፣ አይሱዙ ሞልቷል። ይህን ሁሉ ልጆቹ ይሠሩታል። ከብት እየጠበቁ ጥቁሩን አፈር ያቦኩና በሬ ያወጡለታል፤ ፀሐይ ላይ ካሰጡት ስለሚሰነጠቅ ጥላ ሥር ያደርቁታል። ሻኛውን አይረሱም። መኪናውን ከሽቦ ያጥፉታል፤ ጎማው ቆርኪ ወይም ካለቀ ሸበጥ የተቆረጠ ነው፤ ረጅም መሪ ይቀጥሉለትና እየነዱት ይሮጣሉ። አይሱዙው ከባጃጁ ገና ከሩቅ ይለያል። እኛ ግን «ጭቃ አታቡካ፣ ሂድ አጥና!» እንላቸዋለን።

«ጥራት የለውም» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ተዉ እንጂ፣ ነገሩ የጥራት አይደለም። ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ»፣ ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ» እያልን የኖርን ሰዎች ነን። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ የቤተ እስራኤል ሴቶች ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ይሠሩ ነበር፤ ቱሪስቱ ሲገዛቸው ጎረቤት ዓይናቸውን ይፈራ ነበር። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አፄ ቴዎድሮስ ባሠሩት ሰባስቶፖል ደረታችንን እንነፋለን፤ ለቀጥቃጭ ልጅ ግን ልጃችንን አንድርም። ታዲያ ጭቃ የነካ እጅ የሠራውን በሬ ካፌያችን ውስጥ እንዴት እናቁመው?

ስለዚህ ካፌ ያላችሁ፣ ሆቴል ያላችሁ፣ ለፕላስቲኩ የምታወጡትን ብር ይዛችሁ ወደ ልጆቹ ሂዱ። በኅዳር ንገሯቸው፤ ጭቃው ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል። ደግሞ በብር ክፈሏቸው፣ በከረሜላ አይደለም።