ስትሮክ የሽማግሌ በሽታ ብቻ አይደለም

ጉንፋን የያዘው ልጅ ድንገት ፊቱ ወደ አንድ ጎን ሲጣመም፣ አንድ እጁ ሲዝል ወይም አንደበቱ ሲተሳሰር ብዙዎቻችን «ጂን ነክቶት ነው» እንላለን። ስትሮክ ሊሆን እንደሚችል አናስብም።

በልጆች ላይ አልፎ አልፎ ቢሆንም ይከሰታል። የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ሰውነትን ሲያስቆጣ የደም ሥር ሊቆጣ፣ ደምም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ወደ አንጎል የሚሄደውን ሥር ከዘጋ በየደቂቃው የአንጎል ሕዋሳት ይሞታሉ። አደጋው ከፍ የሚለው ኢንፌክሽኑ በያዘበት ሳምንት ገደማ ነው፤ ክትባታቸውን ባሟሉ ልጆች ላይ ዝቅ ብሎ ታይቷል።

ሩቅያን ማንም አልከለከለም፤ ወደ ሆስፒታል በሚሮጠው መኪና ውስጥም ሊቀራለት ይችላል። ሰበቡን ማድረስ ተወኩልን አያፈርስም። ሰፈር ውስጥ መጀመሪያ የምንጠራው እኛ ወጣቶች ነን፤ «እስከ ነገ እንየው» ሲባል እሺ አንበል።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።