ግርዛቱ ለምን ይቆይ?

በአልትራሳውንድ ክፍላችን ከወላጆች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ «ወንድ ነው ሴት?» የሚል ነው። ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ባለው ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ይታወቃል። አልፎ አልፎ ግን ምስሉ ቁርጥ ያለ ነገር አይናገርም፤ ወይም የጽንሱ ብልት አጥሮና ወደ ታች ጎብጦ ይታያል።

እንዲህ ሲሆን ከምንጠረጥራቸው ነገሮች አንዱ ሃይፖስፓዲያስ ነው። የሽንት ቱቦው በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም ስለሚቀር፣ ቀዳዳው በብልቱ ጫፍ መሆኑ ቀርቶ ከሥር በኩል ይሆናል። በጥቅሉ ከ200 እስከ 300 ከሚሆኑ ወንዶች በአንዱ ላይ ይገኛል። ቀላሉ ዓይነት የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከተወለደ በኋላ ነው፤ በማህፀን ሳለ የሚታየው ከባዱና ጥቂቶችን ብቻ የሚያጋጥመው ነው።

እዚህ ላይ የአያቶችን እገዛ እፈልጋለሁ። በብዙ ቤት ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፤ ቀኑን ቆጥረው የሚያስታውሱትም እናንተ ናችሁ። ሃይፖስፓዲያስ ያለበት ሕፃን ግን መገረዝ የለበትም። ቀዶ ሐኪሙ የሽንት መንገዱን ሲጠግን ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው በሸለፈቱ ቆዳ ነው። ቀድሞ ከተቆረጠ፣ ለጥገናው ከሌላ የሰውነት ክፍል፣ ለምሳሌ ከጉንጭ ውስጠኛ ክፍል፣ መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል። ጥገናው በአብዛኛው ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ይደረጋል።

ስለዚህ ሕፃኑን ስታጥቡ ልብ በሉ። ሸለፈቱ ከላይ ብቻ ተሰብስቦ ከሥር ከጎደለ፣ ወይም ሽንቱ ከጫፉ ካልወጣ፣ አስቀድማችሁ ለሐኪም አሳዩ።

የዘር ፍሬዎቹ በእጅ ካልተዳሰሱ ደግሞ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ከኩላሊት በላይ ባለው የአድሬናል እጢ ሕመም ምክንያት ሴት ልጅ ወንድ መስላ ልትወለድ ትችላለች። ይህ ሕመም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕፃኑን አስመልሶ፣ ፈሳሽና ጨው አሳጥቶ ሊገድል ይችላል። በደም ምርመራ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በመድኃኒት ይያዛል። በመሆኑም በአልትራሳውንድ ጥርጣሬ ካለ፣ ወሊዱ የሕፃናት ሐኪም ባለበት ሆስፒታል ይሁን፤ ውጤቱንም በጽሑፍ ተቀብላችሁ ያዙ።

የ40 ቀኑ ክርስትና በቀኑ ይደረግ፤ ግርዛቱ ግን ሐኪም እስኪያየው ይቆይ።