የማታ ተማሪው ከፍሎ የሚገዛው ምንድን ነው?

ስለ ዩኒቨርሲቲ ሲነሳ ሁላችንም የምናወራው ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ነው። አይገርምም። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ሪሜዲያሉ ቢጨመርበትም ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ድሮው በመደበኛ ተማሪ አይጥለቀለቁም።

በሌላ በኩል መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ራስ ገዝ ማድረግ ጀምሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም በወጣ አዋጅ ቀድሞ ገብቶበታል። ራስ ገዝነት ሌላ ብዙ ትርጉም አለው፤ ከትርጉሞቹ አንዱ ግን «ገቢህንም ፈልግ» ነው።

ሁለቱን ደምሯቸው። ከኪሱ ከፍሎ የሚማረው ማነው? ጎልማሳው ነው፤ የማታ፣ የቅዳሜና እሁድ፣ የክረምትና የርቀት ተማሪው። እና ይሄ ሰው ከፍሎ የሚያገኘው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ለ19 ዓመት ልጅ የተዘጋጀውን ያንኑ ስላይድ፣ ያውም በችኮላ።

ሀዋሳን እንውሰድ። ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ያለባት፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ የሚያሠራባት፣ ባንክ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ተቋሙ «ደረጃህን አሻሽል» የሚልባት ከተማ ናት። ከሐይቁ ዳር ቡሹሎ ደግሞ በጤና ማዕከሉ ትታወቃለች።

እንበልና አንዲት ነርስ ቡሹሎ ትሠራለች። በዲፕሎማ 8 ዓመት አገልግላለች፤ አሁን ቅዳሜና እሁድ ዲግሪዋን ትማራለች። ዓርብ ሌሊት ተረኛ ነበረች፤ ጠዋት በባጃጅ ክፍል ደረሰች። መምህሩ የእርግዝና ክትትል ምን ማለት እንደሆነ ከስላይዱ ያነባል። ይሄንን እሷ ልታስተምረው ትችላለች! ስታቲስቲክስ ላይ ግን ተቸግራለች። ከቁጥር ከራቀች ቆይታለች፤ ኤክሴልም በደንብ አትችልም። እዚያ ጋ ሲደርስ ክፍሉ በሁለት ሳምንት ያልፋል። የምታውቀው ላይ ጊዜዋ ይባክናል፣ የማታውቀው ላይ ያጥራታል። እኛ ኢኮኖሚክስ የተማርነው ይሄን ብክነት እንለዋለን፤ እሷ ደግሞ ያልተኛችው እንቅልፍ ትለዋለች።

ለዚህ የተፈተሸ መፍትሔ አለ፤ የትምህርት ውል ይባላል። የጎልማሶች ትምህርት ምሁሩ ማልኮም ኖልስ በ1986 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ጽፎበታል። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1971 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ኢምፓየር ስቴት ኮሌጅ ደግሞ ለሠራተኛ ተማሪዎች አሠራሩን በሙሉ እዚህ ላይ ነው የገነባው፤ ተማሪው ከአማካሪ መምህሩ ጋር ተቀምጦ ውሉን ይጽፋል።

ውሉ አንድ ሁለት ገጽ ነው፤ አምስት ጥያቄ ይመልሳል። ምን እማራለሁ? እንዴት? እስከ መቼ? መማሬን በምን አሳያለሁ? ማን በምን መስፈርት ያርመኛል?

የነርሷ ውል እንዲህ ሊሆን ይችላል። የምትማረው ከመዝገብ ላይ መረጃ ማጠናቀርና መተንተን ነው። የምትሠራበት መረጃ ለመጀመሪያ ክትትል መጥተው ለቀጣዩ ያልተመለሱ እናቶች ቁጥር ነው፤ ከተቋሙ ፈቃድ አግኝታ፣ ስም ሳትጠቅስ። ጊዜው 10 ሳምንት ነው። የምታስረክበው አጭር ሪፖርትና ክፍል ውስጥ የምታደርገው ማብራሪያ ነው። መስፈርቱ ስሌቱ ትክክል መሆኑና ለጥያቄ መልስ መስጠቷ ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ ነርሷ ስታቲስቲክስ ትችላለች፤ ጤና ማዕከሉም የሚጠቅመው ወረቀት በእጁ አለ።

«ፈረንጅ ያመጣው ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። የማስተርስ ፕሮፖዛል ታዲያ ምንድን ነው? ተማሪው ርዕስ ይመርጣል፣ ዘዴና የጊዜ ሰሌዳ ያስቀምጣል፣ አማካሪው ይፈርማል። ያው ውል ነው። የመንግሥት ሠራተኛውም መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በቢኤስሲ ዓመታዊ ዕቅድ ሲፈራረም ኖሯል። ማታ ክፍል ሲገባ ግን እንደ 9ኛ ክፍል ተማሪ «ጻፍ» ይባላል።

ችግር የለውም እያልኩ አይደለም። አንደኛ፣ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ጀምሮ ሁሉም የዲግሪ ተማሪ ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ዙር ደግሞ ብዙ የማታ ተማሪ ያላቸው የግል ተቋማት የማለፍ ምጣኔ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በጣም ያነሰ ነበር። ስለዚህ ውሉ የትምህርቱን ግብ መቀየር የለበትም፤ መንገዱን ብቻ ነው የሚቀይረው። ግማሹ ማርክ በውሉ፣ ግማሹ በጋራ ፈተና ቢሆን ያስማማል።

ሁለተኛ፣ አሳይመንት ሠርቶ የሚሸጥ ሱቅ በየካምፓሱ በር አለ፤ አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ ተጨምሯል። ግን እስቲ አስቡት፤ «የስታቲስቲክስን ጥቅም አብራራ» የሚል አሳይመንት በቀላሉ ይገዛል። ከራስ መሥሪያ ቤት መዝገብ ተነስቶ የተሠራና መምህሩ ፊት ቆሞ የሚብራራ ሥራ መግዛት ግን ይከብዳል።

ሦስተኛውና ትልቁ ጊዜ ነው። 60 ተማሪ ያለው መምህር ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ቢሰጥ 20 ሰዓት ይወስድበታል። በሴሚስተር ሁለቴ ካደረገው 40 ሰዓት ነው። የባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ክፍለ ጊዜ በሙሉ 48 ሰዓት ገደማ መሆኑን አትርሱ። ክፍያው በክሬዲት ሰዓት ከሆነና ምክክሩ ካልታሰበለት ማን ይሠራዋል? መምህሩን ሰነፍ ነህ ማለት አይቻልም፤ ሰው የሚከፈልበትን ነው የሚሠራው።

መውጫ ግን አለው። ተመሳሳይ ሥራ ያላቸውን አምስት አምስት አድርጎ በቡድን ማዋዋል። 12 ቡድን በ20 ደቂቃ ሲባዛ 4 ሰዓት ነው። በአንድ ኮርስ ብቻ ይጀመር፤ የምክክሩ ሰዓትም በክፍያው ይቆጠር። ይሄ ለዩኒቨርሲቲው ወጪ ነው፤ ግን ከፋይ ተማሪ በሚፈለግበት ዘመን ከጎረቤት ተቋም የሚለየው ነገር ይሆናል። አለዚያ የሚወዳደረው በዋጋ ብቻ ነው፤ በዋጋ ውድድር ደግሞ መጀመሪያ የሚቀነሰው ጥራቱ ነው።

ደንቡ እስኪወጣ መጠበቅም የግድ አይደለም። እየሠራችሁ የምትማሩ ከሆነ በሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንት መምህራችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፤ «አሳይመንቱን ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ላድርገው?» አምስቱን ጥያቄዎች መልሳችሁ በአንድ ገጽ ይዛችሁ ሂዱ። እምቢ የሚል ይኖራል። እሺ የሚለውን ግን የምታገኙት ስትጠይቁ ነው፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።