በአቦል የተጠየቀ፣ በበረካ የተመለሰ

«ሳይንሳዊ ልብ ወለድ» ሲባል በብዙ አንባብያን ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች የሞሉት መንኮራኩር፣ የብርሃን ጎራዴና በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር የፊልም በጀት ነው። ተማሪዎቻችንን «እናንተስ ለቴሌቪዥን የሚሆን አንድ ክፍል ለምን አትሠሩም?» ብለን በጠየቅናቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፤ «መምህር፣ በምን ገንዘብ?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ቢመስልም በተሳሳተ ግምት ላይ የቆመ ነው። እኛ እንደምናምነው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ ከሁሉ በፊት የሚሠራው በስሌት ነው። ስሌቱም በሆሳዕና ቢሆን በዱራሜ ወይም በሾኔ የሚጠይቀው አንድ እርሳስና አንድ ወረቀት ነው። ከዚህም አልፎ ይህን ስሌት የመሥራት ልማድ ለአካባቢያችን ወጣቶች ከመዝናኛ የበለጠ ፋይዳ እንዳለው በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

እጥረት የወለዳቸው ፈጠራዎች

ከታሪክ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ መታየት የጀመረውን «ስታር ትሬክ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ የፈጠሩት ሰዎች፣ አንድ ግዙፍ መንኮራኩር በየሳምንቱ በልዩ ልዩ ፕላኔቶች ላይ ሲያርፍ ለማሳየት አቅም አልነበራቸውም። ስለዚህ ተጓዦቹ ከመንኮራኩሩ ውስጥ ብን ብለው ጠፍተው ፕላኔቱ ላይ እንዲገለጡ አደረጉ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ይህ የማጓጓዣ ዘዴ የገንዘብ እጥረት ልጅ ነው። በእንግሊዝ አገርም ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1963 ማሳየት የጀመረው «ዶክተር ሁ»፣ ጊዜንና ጠፈርን የሚያቋርጠውን መንኮራኩር በውጭ ሲታይ በመንገድ ዳር የሚቆም የፖሊስ ስልክ ሣጥን አስመሰለው። መንኮራኩሩ ሲነሣ የሚሰማውንም ድምፅ ባለሙያው ብራያን ሆጅሰን ያገኘው የቤት ቁልፍ በአሮጌ ፒያኖ ክሮች ላይ በመጎተትና የተቀዳውን ድምፅ በማቀነባበር ነበር።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ «ገመና»ንና «ሰው ለሰው»ን የመሳሰሉ ተከታታይ ድራማዎች ቤተሰቡን ሁሉ ሳሎን ውስጥ ሰብስበዋል። ወደ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የቀረበው ምሳሌያችን ግን ከቴሌቪዥን ይልቅ ከሲኒማ ይገኛል። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በአገራችን ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2015 ለዕይታ ያበቃው፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተወኑበት «ክራምብስ» የ68 ደቂቃ ፊልም ነው። ፊልሙ ሥልጣኔ ካበቃ በኋላ ያለውን ዘመን ለማሳየት አዲስ ከተማ አልገነባም። ዳሎልን የመሰለ የአገራችንን መልክዓ ምድር ተጠቀመ፤ ርካሽ የፕላስቲክ መጫወቻዎችን እንደ ክቡር ቅርስ አስቆጠረ፤ በሰማዩም ላይ ለዓመታት ሳትንቀሳቀስ የኖረች አንዲት መንኮራኩር ሰቀለ።

ከሦስቱም የምንማረው አንድ ነገር ነው። ተመልካች አንድ እንግዳ ነገር ተቀብሎ እንዲቀመጥ መጠየቅ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ግን ሕጉን ጠብቆ መሄድ አለበት። «ይህ ቢሆን፣ ምን ይከተላል?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ሳያጭበረብሩ መከተል የደራሲውም የፊዚክስ ሊቁም ሥራ ነው።

አንዲት እናት፣ አንድ ልጅ፣ 360 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር

ለዶክትሬት ትምህርት ባሕር ማዶ በነበርንበት ጊዜ ከእናታችን ጋር በስልክ ስንነጋገር አንድ ነገር ያስቸግረን ነበር። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ እንናገራለን፤ ከዚያም ሁለታችንም እንደገና በአንድ ጊዜ ዝም እንላለን። ምክንያቱን ያወቅነው በስሌት ነው። ድምፃችን ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወዳለ ሳተላይት ወጥቶ እስኪመለስ ሩብ ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል፤ መልሱም ሌላ ሩብ ሴኮንድ። በዚያች ግማሽ ሴኮንድ ምክንያት እናታችን «ምነው ዝም አልክ? የሆንከው ነገር አለ?» እያሉ ይጨነቁ ነበር።

ይህን ለተማሪዎቻችን ከነገርናቸው በኋላ «ግማሽ ሴኮንድ ይህን ካደረገ፣ 20 ደቂቃ ምን ያደርጋል?» ብለን እንጠይቃለን። ድራማችንም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እናት ከሃምበሪቾ ተራራ ግርጌ፣ ዱራሜ ውስጥ ቤታቸው ተቀምጠው ቡና ያፈላሉ። ልጃቸው ማርስ ላይ ይሠራል። የምንፈቅደው እንግዳ ነገር ይህ ብቻ ነው። በዚያ ቀን ማርስ ከመሬት በ360 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች እንበል። ብርሃንም ሆነ የሬዲዮ ሞገድ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ መልእክት 1,200 ሴኮንድ ማለትም 20 ደቂቃ ይወስዳል። እናት አቦሉን ቀድተው «ልጄ፣ በላህ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ቃላቸው ማርስ የሚደርሰው ቶናው ሲቀዳ ነው። የልጁ «በላሁ፣ እማ» ዱራሜ የሚገባው ደግሞ በበረካ ነው። ጎረቤት ጨዋታውን ጨርሶ ሊነሣ ሲል መልሱ ይመጣል።

ከዚህ ስሌት ሰብዓዊ ታሪክ ይወለዳል። እናት ቀስ በቀስ ጥያቄ መጠየቅ ይተዋሉ፤ የመንደሩን ወሬ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተርከው መላክ ይለምዳሉ። ልጁም እንዲሁ ያደርጋል። የማርስ ቀን ከእኛ ቀን በ40 ደቂቃ ገደማ ስለሚረዝም የልጁ ሰዓት በየቀኑ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ በ18 ቀን ውስጥ የእርሱ ጧት የእናቱ ማታ ይሆናል። የማርስ ዓመት 687 የምድር ቀናት ነው። ስለዚህ ልጁ አንድ የማርስ ዓመት ሲደፍን፣ በአገር ቤት ሁለተኛው ያሆዴ ወይም ሁለተኛው መሳላ እየተቃረበ ነው። ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ገደማ ፀሐይ በመሬትና በማርስ መካከል ትገባና ለሁለት ሳምንት ያህል አስተማማኝ ግንኙነት ይቋረጣል። ከዚህ የተሻለ የድራማ ጡዘት ከየት ይገኛል? እናት ለ14 ቀናት ያህል አቦል ቀድተው መልስ በማይመጣበት ስልክ ፊት ይቀመጣሉ።

ቀረጻውስ? ማርስን ለማሳየት ቀይ አፈር የተቆፈረበትና ዛፍ የማይታይበት አንድ ገደል ይበቃል። የማርስ ስበት የመሬትን 38 በመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ ከእጅ የወደቀ ድንጋይ መሬት ለመድረስ 1.6 ጊዜ ያህል የሚረዝም ጊዜ ይፈጅበታል። በእጅ ስልክ የተቀረጸውን አወዳደቅ በቅንብር ጊዜ ወደ 61 በመቶ ፍጥነት ዝቅ ማድረግ ትክክለኛውን የማርስ አወዳደቅ ይሰጣል። ልጁ ደጅ ወጥቶ በጀበና ቡና ላፍላ ቢልስ? ወደ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ሆሳዕና ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የማርስ የአየር ግፊት ግን ከመሬት አንድ በመቶ እንኳ ስለማይሞላ፣ ውኃው ሳይሞቅ ተንፈቅፍቆ ያልቃል። ቡናውን የግድ በተዘጋው ማደሪያው ውስጥ ያፈላል።

የአየር ሒሳብ

እዚህ ላይ ክፍሉን የሚጽፉት ተማሪዎች አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ወደ ማርስ በሚወስደው የተዘጋ ክፍል ውስጥ ተጓዦቹ ምን ያህል አየር ይበቃቸዋል? ይህን ጥያቄ ስንጽፍ ስለ ማርስ ብቻ እያሰብን እንዳልሆነ የአካባቢያችን አንባቢ ወዲያው ይረዳናል።

ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ከሀዲያና ከከምባታ ከተሞችና ገጠሮች ወደ ደቡብ አፍሪካ የተጓዙ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ስልክ አጠገብ ተቀምጣ የምትጠብቅ እናት ለእኛ ልብ ወለድ አይደለችም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ፣ በኮንቴይነሩ ውስጥ ታፍነው ያለቁ 64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኘ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ነበሩ።

አንድ መደበኛ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 33 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይይዛል። አንድ ሰው ሳይንቀሳቀስ ቢቀመጥ በሰዓት 20 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። 78 ሰዎች በሰዓት 1,560 ሊትር፣ ማለትም 1.56 ሜትር ኩብ ይተነፍሳሉ ማለት ነው። ኮንቴይነሩ ፈጽሞ ከተዘጋ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን 5 በመቶ ይደርሳል፤ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ራስ ይፈልጣል። በሁለት ሰዓት ወደ 10 በመቶ ይጠጋል፤ ሰው ራሱን ይስታል። ይህ ሒሳብ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል።

ይህን የምንለው የሄዱትን ለመውቀስ አይደለም። ሰው የሚሄደው ምክንያት ስላለው ነው፤ ምክንያቱንም አንድ የፊዚክስ መምህር በአንድ ጽሑፍ አይፈታውም። ነገር ግን ደላላ «መንገዱ ቀላል ነው» ሲል «በሩ ቢዘጋ ምን ይከተላል?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት እንፈልጋለን። ይህ ልማድ በንግግር አይሰጥም፤ በመሥራት ይለመዳል። ለራሱ ገጸ ባሕርያት አየር አስልቶ የሰጠ ደራሲ ለራሱ ሳንባ ማስላት አይከብደውም።

ከተመልካችነት ወደ ሠሪነት

አንዳንድ ባልደረቦቻችን «ተማሪው መጀመሪያ የኒውተንን ሕጎች ይወቅ፤ ከዚያ ይጫወት» ይሉናል። ስጋታቸው ይገባናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የሚዘነጋ የለም። ይሁን እንጂ ይህ ውጤት የመጣው ተማሪው ብዙ ስለተጫወተ አይመስለንም። ሕጉን በቃሉ ይይዛል፤ ሕጉ ግን የእርሱ ሆኖ አያውቅም።

ቴሌቪዥን በራሱም ይህን አይፈታውም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይሰራጭ የነበረውን የ«ፕላዝማ» ትምህርት የዚያ ዘመን ተማሪዎች ያስታውሱታል። ሥዕሎቹ ያማሩ ነበሩ። ትምህርቱ ግን በእንግሊዝኛ ይፈስሳል፤ አይቆምም፤ እጁን ያወጣ ተማሪም አይታየውም። ተማሪው ከተመልካችነት አላለፈም። እኛ የምንጠይቀው ካሜራው ወደ ተማሪው እጅ እንዲገባ ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። በሆሳዕና በሚገኘው በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በአንጋጫና በዶዮገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስድስት ስድስት ተማሪዎች ይሰብሰቡ። ሁለቱ ይጻፉ፣ ሁለቱ ያስሉ፣ ሁለቱ ይቅረጹ። 25 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ክፍል ይሥሩ። እናቲቱ በከምባቲሳ ወይም በሀዲይሳ ትናገር፤ ከታች አማርኛው ይጻፍ። በድርሰቱ ገጽ ኅዳግ ላይ ትዕይንቱ የተመሠረተበት ሕግና ስሌት ይስፈር። ስሌቱ የተሳሳተ ትዕይንት ምንም ያህል ቢያምር ይቆረጥ። መምህራንም ስሌቱን ለማረም ፈቃደኞች እንሁን፤ እኛ በበኩላችን በራችን ክፍት ነው።

ለጀማሪዎች የመጀመሪያውን ስሌት እነሆ። ማርስ በጣም በምትቀርብበት ወቅት ከመሬት ያላት ርቀት 55 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ቀን እናት አቦሉን ቀድተው «በላህ ወይ?» ቢሉ መልሱ በስንት ደቂቃ ይመጣል? ሲኒው ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል? አስሉት፤ ከዚያም የእናቲቱን ፊት በዐይነ ኅሊናችሁ ተመልክታችሁ ቀጣዩን ትዕይንት ጻፉ።