ጓዳውን ለልጆች ክፈቱላቸው!

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ዝናቡም ገብቷል። ልጆቻችን ቤት ውለዋል፤ ገሚሱ ስልክ ላይ አቀርቅሮ፣ ገሚሱ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ። ሲርባቸው ኢንዶሚ ይቀቀልላቸዋል፤ እሱም ከሌለ ከሱቅ ቺፕስ ይመጣል። እስከ መስከረም ሁለት ወር አለን። ዝም ካልን ይህም ክረምት እንደ አምናው ያልፋል።

ዝም አንበል! በየሰፈራችን የልጆች የምግብ ካምፕ እንክፈት። ልጆቹን ሰብስበን የሀገራችንን ምግብ ከእህሉ እስከ ገበታው እናስተምራቸው። ምስር ይልቀሙ፣ ዱቄት ይንፉ፣ ሊጥ ያቡኩ፣ ቆሎ ይቁሉ፣ ገንፎ ያገንፉ።

አስተማሪው ከየት ይመጣል አትበሉ። በየቤቱ አለ። አንቺ ነሽ። አንተ ነህ። እርስዎ ነዎት፣ እማማ!

ይህን ዕውቀት የያዙት እናቶቻችን አርጅተዋል። ብዙው ደግሞ አልተጻፈም። «ውሃው ምን ያህል ነው?» ስትሏቸው «እስኪበቃው» ይሏችኋል። «ስንት ቀን ይቆያል?» ስትሏቸው «እስኪደርስ»። ምሥጢር መደበቃቸው አይደለም፤ የሚያውቀው እጃቸውና አፍንጫቸው ነው። ስለዚህ «በቪዲዮ ቀርጸን ኋላ እንደርስበታለን» ብላችሁ አትዘናጉ። ልጁ አጠገባቸው ይቁም። ሊጡን ይንካ፣ ያሽትት፣ ይሳሳት፣ ደግሞ ይሞክር።

እንጀራን በየቀኑ እንበላለን። እንዴት እንጀራ እንደሚሆን የሚያውቅ የከተማ ልጅ ግን ስንት ነው? ዱቄቱ በእርሾ ይቦካል። ቡሃቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ በክረምት ብርድ ከዚያም ይዘገያል። ከላይ የጠለለው ውሃ ይቀዳል። ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውሃ ይበስልና አብሲት ይጣላል፤ በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። ያን ጊዜ ልጆቹ ቡሃቃውን ከብበው ይጠብቁ። ሊጡ ኩፍ ማለት ይጀምራል፤ አረፋው ብቅ ብቅ ይላል። ምጣዱ ይግላል፣ በጎመን ዘር ይታሰሳል፣ ሊጡ ከዳር ወደ መሃል እየዞረ ይፈስሳል። ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎው ይከደናል።

የመጀመሪያው ድፍን ይሆንባቸዋል። ሁለተኛው ሰፌድ ላይ ሳይደርስ ይቀደዳል። ግድ የለም፣ ፍርፍር አድርጉላቸው! በገዛ እጁ የጋገረውን «አልበላም» የሚል ልጅ ፈልጋችሁ አታገኙም።

«የራሳችን ነው፣ የት ይሄድብናል» የሚል ካለ በጤፍ ላይ የደረሰውን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር ስለ ጤፍ ስምምነት የተፈራረመ አንድ የሆላንድ ኩባንያ፣ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ይዞ ኖሯል። እናቶቻችን ለዘመናት ሲያቦኩት የኖሩት ዱቄት የሌላ ሰው ፈጠራ ተብሎ ተመዘገበ። የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን በሆላንድ ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ደስ ይላል። ወረቀቱን ጠበቃ ያስመልሳል፤ አብሲት የሚጥል ሰው ከጠፋ ግን የትኛው ጠበቃ ያስመልሰዋል?

ሌላም ልጨምር። ሳይንቲስቱ ዶክተር መላኩ ወረደ የሀገራችንን ዘር በማዳን እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተሸልመዋል። የሀገሪቱን የእፅዋት ዘረመል ማዕከል ሲመሩ ዘሩን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ ከመቆለፍ አልፈው፣ አርሶ አደሩ በየዓመቱ እየዘራ፣ እየመረጠ በማሳው ላይ እንዲያቆየው ታገሉ። ምግብም እንደዚያው ዘር ነው። በየዓመቱ ካልተዘራ ይመክናል፤ ማሳው ደግሞ ልጆቻችን ናቸው።

የሀገር ምግብ ማለት እንጀራና ወጥ ብቻ ነው ካልን ግን ጥሪያችን ከጅምሩ ጎደሎ ይሆናል። እንሰት የ20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መተማመኛ ነው። ለምግብነት አልምቶ የያዘው ደግሞ የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። የጉራጌ፣ የሲዳማ፣ የጋሞ፣ የሀዲያ እናት ጎረቤታችሁ ከሆኑ በራቸውን አንኳኩ። እንሰቱ እንዴት እንደሚፋቅ፣ ቆጮው እንዴት እንደሚቦካ፣ ቡላው እንዴት እንደሚጠል፣ አሚቾው እንዴት እንደሚቀቀል ለልጆቹ ያሳዩ። የትግራይ ሰው ካለ ጥሕሎ ያድርግላቸው፤ ድቡልቡሉን የገብስ ሊጥ ወጡ ውስጥ እየነከሩ መብላት ለልጅ ጨዋታ ነው። የወለጋው ሰው አንጮቴ ያምጣ፤ የኮንሶው ሽፈራው ይዞ ይምጣ። ለዚህ ሁሉ ረጅም መንገድ መሄድ አያስፈልግም። ሁሉም በአንድ የኮንዶሚኒየም ወለል ላይ ይገኛል።

ሳማንም አትርሱ። ዝናቡ ሲገባ በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። ትልልቆቹ «የችግር ጊዜ ምግብ ነው» ብለው ያፍሩበታል፤ እኔ ግን ኩሩበት እላለሁ። በጨርቅ ይዞ መቁረጥን፣ ሲቀቀል መለብለቡን እንደሚተው ማየትን የመሰለ ትምህርት ለልጅ ከየት ይመጣል? በክፉ ቀን ቤተሰቡን የያዘ ቅጠል ነው። ይወቁት!

ክረምቱ ራሱ ፕሮግራሙን አውጥቶልናል። ሐምሌን በገብስ ጀምሩ፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ጩኮ፣ ቅንጬ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ ነው፤ ልጆችም የሚጾሙት ጾም ስለሆነ ሱፍ፣ ተልባ፣ ሽሮና ስልጆ የዚያን ጊዜ ይሠራ። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ብለው የሚሰበስቡትን ሙልሙል ዘንድሮ እነሱው ይጋግሩ። የበቆሎ እሸቱም ሲደርስ ከሰል ይያያዝ። ሙስሊም ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀመጥበት ማዕድ ነውና የሁሉም ልጅ የሚበላው፣ የሁሉም እናት የምታስተምረው ይኑር።

እንግዲህ ሥራው ይከፋፈል!

እማማ፣ እርስዎ ይምጡ። በሳምንት አንድ ጠዋት። ወንበር እናቀርባለን፤ ቁጭ ብለው ያዝዙ፣ ልጆቹ ይሠራሉ።

እድሮች፣ ዕቃ ቤታችሁን ክፈቱ። ድስቱ፣ ጎላው፣ ድንኳኑ ለሐዘን ብቻ አይውጣ። ለልጆችም ይውጣ።

ርዕሰ መምህራን፣ ግቢያችሁን ስጡን። ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ምገባ የተሠራ ማብሰያ አላቸው። መጋቢ እናቶችም አሉ፤ እነሱን በክብር ጥሯቸው፤ ለብዙ ልጅ ማብሰልን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለክረምት በጎ ፈቃድ ስትመዘገቡ ይህን ምረጡ። ልጆቹን ጠብቁ፣ የእናቶቹን ቃል ጻፉ። እሳትና ቢላ ያለበት ቦታ ነውና ለአምስት ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይቁም።

አባቶች፣ ወንድ ልጆቻችሁንም ላኩ። «ወንድ ልጅ ጓዳ አይገባም» የሚለውን ወዲያ በሉት። እናንተም ኑ፤ ቢያንስ እንጨት መፍለጥ አይጠፋችሁም።

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከዓረብ ሀገር ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለክረምት የመጣችሁ፣ ልጆቹን ሆቴል አታስቀምጧቸው። አምጧቸው። ቋንቋው ባይሞላላቸው ሊጡ አስተርጓሚ አይፈልግም።

አንድ ነገር ግን አደራ። የባህል ልብስ አልብሰን፣ ሙዚቃ ከፍተን፣ ሞሰብ ዙሪያ ፎቶ ተነስተን እንዳንበተን። የአንድ ቀን ድግስ ማንንም አላስተማረም። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ይምጣ፤ እጁ ይቆሽሽ፤ ዕቃውንም አጥቦ ይሂድ።

ሰበብ አታብዙ። በጀት እስኪፈቀድ አትጠብቁ፣ ደብዳቤ እስኪመጣ አትጠብቁ። አሥር ልጅ፣ ሁለት እናት፣ አንድ ምጣድ ካለ ካምፕ አለ። አንድ ኪሎ ጤፍ ያለው ያምጣ። አንድ ቡሃቃ ያለው ያውስ። አንድ ጠዋት ያለው ይስጥ።

የፊታችን እሑድ እድር ስትሰበሰቡ እጃችሁን አውጡና ተናገሩ። ሰኞ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሩ። ረቡዕ ልጆቹን መዝግቡ። ዓርብ ማታ ሊጡን አቡኩ፤ ብርድ ነው፣ እስከ ሰኞ ይፈልጋል።